የዳክዬዋ ሦስተኛ ጉዞ

ከፈረንሳይ ጠረፍ፣ በመስክ ፖስታ
ሜይ 24 ቀን 1943

ለወይዘሪት ቪብኬ ሉርስ
ማስሆልም

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ «ለመሆኑ እርስዎ ማን ነዎት?» ብሎ ስለሚጀምር፣ እጮኛዎ ሞሜ ስሜን አንስቶልዎት እንደማያውቅ ገመትኩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዲት ሴት በጋብቻ ወረቀቷ ላይ የማታውቀው ሰው ምስክር ሆኖ ፈርሞ ስታገኝ ማንነቱን ብትጠይቅ አይፈረድባትም።

ኦኖ ትያርክስ እባላለሁ። የሞተር ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ነው፤ ሚስት የለኝም፤ ጸባዬም ጥሩ አይደለም ይላሉ። ከሞሜ ጋር ከዓመት በላይ በአንድ አልጋ ተኝተናል። እንዳይደነግጡ፤ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ለሁለት ሰው የሚደርሰው አንድ አልጋ ነው። እሱ ሞተሩ ጋ ሲቆም እኔ እተኛለሁ፤ እኔ ስነሳ እሱ ይገባበታል። አልጋው አንድም ቀን ቀዝቅዞ አያውቅም።

«ታዲያ እርስዎ ለምን ቀሩ?» ለሚለው መልሱ ያሳፍራል። ልንወጣ ሁለት ቀን ሲቀረን ጥርሴ መገለና ጉንጬ አበጠ። ሐኪሙ አፌን ከፍቶ አየና «ይሄ መሃል ባሕር ላይ ቢፈነዳ ማን ይነቅልልሃል? ዓሣ?» አለኝ። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ተተካ። ሜይ 11 ከሰዓት በኋላ ጉንጬን በፎጣ አስሬ ወደቡ ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው። ሞሜ ከላይ ሆኖ «አልጋው ለእኔ ብቻ ሆነ!» ብሎ ጮኸብኝ። የተተካውን ሰው ረስቶት ነው።

ስለ ወረቀቱ። ሜይ 9 በአዛዣችን ክፍል ነው የተፈረመው። አዛዡ «ኢቨርሰን፣ ቪብኬ ሉርስን ለማግባት በገዛ ፈቃድህ ትስማማለህ?» ሲለው ሞሜ «አዎ ጌታዬ!» ብሎ ተረከዙን አጋጨ። አዛዡ ሳቀና «ቀስ በል እንጂ፣ ቶርፔዶ ተኩስ አላልኩህም» አለው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የቢሮ ነገር ነው፤ ማኅተም፣ ፊርማ፣ ማኅተም።

ወረቀቱ የሚጸናው ለሁለት ወር ብቻ ነው። እስከ ጁላይ 9 ማዘጋጃ ቤት ቀርበው «እኔም እስማማለሁ» ካሉ፣ እሱ ባይኖርም ተጋብታችኋል ማለት ነው። በእሱ ቦታ ጠረጴዛው ላይ የብረት ቆብ ይቀመጣል። ደንቡ እንዲህ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም። ቀኑ ካለፈ ግን ወረቀቱ ከንቱ ነው፤ ሞሜ እንደገና መማል ይኖርበታል። ስለ ሆድዎ ነግሮኛል። ልጁ ያለ አባት ስም እንዳይመዘገብ ብሎ ነው ይህን ያህል የሮጠው።

መቼ ይመለሳሉ ላሉት፣ ጉዞው ብዙ ጊዜ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሳምንት ይፈጃል። ጁላይ አጋማሽ ላይ ይጠብቋቸው። እኔ እስከዚያ ቢሮ ተቀምጬ የመርከባችንን ታሪክ ጻፍ ተብያለሁ፤ ብዕር ደግሞ ከመፍቻ በላይ ይከብደኛል።

ከአክብሮት ጋር
ኦኖ ትያርክስ


ማስሆልም
ጁን 2 ቀን 1943

ለኦኖ፣

ሞሜ «አንተ» የሚለውን ሰው «እርስዎ» ማለት አፌ እምቢ ስላለኝ ይቅርታ። አንተም አንቺ በለኝ። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ስለተቆጣሁህም ይቅርታ አድርግልኝ፤ የማላውቀው ሰው ፊርማ ሳይ «ሞሜን ምን አድርገውት ነው?» ብዬ ደንግጬ ነበር። እናቴ ድንች ቀቅለህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ትኩሱን ጉንጭህ ላይ ያዝ ብላሃለች።

እኔ ደህና ነኝ። ሆዴ ገና አይታይም፤ ቢታይም ዓሣ ማጨሻ ቤት ውስጥ ሽርጥ ያደረገችን ሴት ሆድ ማንም አያይም። ቀኑን ሙሉ ዓሣ በዘንግ እሰካለሁ፣ ጭሱ ላይ እሰቅላለሁ፣ አወርዳለሁ። ሞሜ መጀመሪያ የወደድኩት ሽታሽን ነው ይለኛል። የሰርጓጅ መርከብ ሰው ስለ ሽታ ምን ያውቃል?

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ደርሶኛል፤ መሳቢያ ውስጥ ፎጣዎቹ ስር አስቀምጬዋለሁ። አልሄድበትም። እናቴ «ልጄን ለድስት አልድርም» ብላለች። የጎረቤታችን ልጅ ታልኬ በማርች ወር ከብረት ቆብ ጋር ተጋብታ በሁለተኛው ወር የባሏ መርዶ መጣላት፤ እናቴ ይህን የምታሳብበው በቆቡ ነው። እኔ እንደሷ አላምንም፤ ግን ሞሜ ራሱ ከወረቀቱ በፊት የጻፈልኝን ልገልብጥልህ፤

«ወረቀቱን የምፈርመው ለክፉ ቀን ነው። ክፉ ቀን ካልመጣ እንዳትነኪው። በጁላይ መጨረሻ ፈቃድ አለኝ። በእግሬ መጥቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ፣ እናትሽ እያየች ነው የማገባሽ። ከቆብ ጋር ብታገቢ እቀናለሁ።»

እንግዲህ ባሌ ከሚሆነው ሰው ጋር ገና ከመጀመሪያው ልጣላ? ጁላይ አጋማሽ ይመጣል ብለሃል፤ በአንድ ሳምንት ነው ቀኑ የሚያልፈው። ቢያልፍም እንደገና ይፈርማል፤ እጁ አልተቆረጠ።

ይልቅ አንድ ነገር ልለምንህ። መርከቧ ምን ትመስላለች? ሞሜ ስጠይቀው «ቱቦ ናት» ብሎ ያልፈዋል። የት እንደሚቀመጥ፣ የት እንደሚበላ ባውቅ ሥራ ላይ ሆኜ አስበው ነበር። አሁን ሳስበው ጥቁር ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ።

ቪብኬ


ከፈረንሳይ ጠረፍ
ጁን 10 ቀን 1943

ለቪብኬ፣

ድንቹ ሠርቷል። ለእናትሽ እጅ ነሥቻለሁ በያት። ጥርሱ ወጥቷል፤ ጉንጬ ግን ገና ስላልሟሸሸ ከወንበር አላነሱኝም።

ስለ መርከቧ ጠየቅሽኝ። የምጽፈውም እሱኑ ስለሆነ ከዚያው ልቅዳልሽ። ከዚህ በታች ያለውን ሳንሱር ከደለዘው በእኔ አትፍረጂ።

«ቱቦ ናት» ያለሽ አልዋሸም። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ሰባ እርምጃ አትሞላም። ሰው የሚኖርበት ወፍራም የብረት ቱቦ ውስጥ ነው፤ ከውጭ የምታዪው ቅርጽ የዚያ ልብስ ነው። ነዳጁም፣ ለመስጠም የምትጠጣው ውኃም በቱቦውና በልብሱ መሃል ነው ያለው። ቱቦው ውስጥ አርባ አራት ሰው አለ። ከፊትና ከኋላ ቶርፔዶ፣ ከወለሉ ስር ባትሪ። እኔና ሞሜ ወደ ኋላ ነን፤ ሁለት ትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች አሉ፣ በመካከላቸው አንድ ሰው ትከሻውን አጥብቦ የሚያልፍበት መንገድ አለ። ሞሜ የቀኙ ሞተር ጋ ነው የሚቆመው። ጩኸቱ ስለማያነጋግር በእጅ ነው የምንግባባው። እጁን በሆዱ ላይ ሲያዞር «ራበኝ» ማለቱ ነው። ከማርች ወዲህ ግን፣ ወደብ ላይ ሞተር ስንፈትሽ፣ ያንኑ አድርጎ ወደ ሰሜን ሲያመለክት አንቺን ማለቱ ነው።

ስሟ ሰርጓጅ ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የምትሄደው ከላይ ነው። ናፍጣው አየር ይፈልጋል። ከስር ስትሆን በባትሪ ነው፣ ያውም እንደ ሽማግሌ እየተጎተተች። ባትሪው ሲያልቅ መውጣት የግድ ነው፤ ከላይ ማንም ይጠብቅ ማን። ሁለት ሽንት ቤት አላት፤ ከወደብ ስንወጣ አንደኛው ድንችና ቋሊማ ይሞላበታል። ስለዚህ እስከ ሦስተኛው ሳምንት አርባ አራት ሰው አንድ በር ላይ ይሰለፋል፤ አዛዡም ጭምር። ዳቦው ነጭ ሻጋታ ሲያበቅል «ጥንቸል» እንለዋለን፤ ሻጋታውን ገፈን መሃሉን እንበላለን።

የተሠራችው ኪል ነው። ሥራዋ ሳያልቅ ነው ልከውን ያገኘናት፤ ደንቡ እንዲህ ነው፣ የሚሳፈርባት ሰው ስትሠራ ቆሞ ማየት አለበት። መጀመሪያ ለሙከራ ስትሰጥም አፍንጫዋ ገባ፣ ጅራቷ ከላይ ቀረ። ከዳር ቆመው ያዩን ሠራተኞች «ዳክዬ! ዳክዬ!» ብለው ሳቁብን። እኛም ተናደን ማማዋ ላይ ዳክዬ ሳልንባት። ከዚያ ወዲህ ስሟ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ባለፈው መኸር፣ ስምንት ሳምንት። ሁለት መርከብ አሰጠምን። ቢሮው ስለሱ አስፍተህ ጻፍ ብሎኛል፤ እኔ ግን ሁለት መስመር ጽፌ ትቼዋለሁ። ሰዎች ነበሩባቸው። ሁለተኛው ጉዞ በክረምት ነው። አውሮፕላን አገኘንና የሬዲዮውን ምሰሶ ሰበረብን። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሬዲዮ ጠሩን፤ እየሰማን መመለስ አልቻልንም። ወደብ ስንደርስ የሙዚቃ ጓድ ቆሞ ነበር፤ ለካ ሌላ መርከብ ነው የሚጠብቁት፣ እኛን ሲያዩ አንደኛው መለከቱን ጣለ። ሞሜ ለዕረፍት ወዳንቺ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሆነውን ለእኔ መንገር የለብሽም።

ሦስተኛውን ጉዞ ሲመለሱ እጽፈዋለሁ።

ኦኖ


ጁን 17 ቀን 1943

ቪብኬ፣

ይህን አልልከውም። ጽፌው ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ለማንም ካልተናገርኩት ደረቴ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ዛሬ ጠዋት የቢሮው መኮንን ጠራኝና «ትያርክስ፣ የዳክዬዋን ታሪክ እስከ ሜይ 27 ጻፍና ዝጋው» አለኝ።

«ለምን ሜይ 27፣ ጌታዬ?»

«የመጨረሻው የሬዲዮ ቃሏ ያን ቀን ስለሆነ።»

«ከዚያ ወዲህ ተጠርታለች?»

«በየቀኑ» አለኝ፤ የመርከቧንም ማህደር በእጁ ከግራው መደርደሪያ አንስቶ ወደ ቀኙ ወሰደው። በግራ ባሕር ላይ ያሉት ናቸው፤ በቀኝ የማይመለሱት። በዚህ ወር ቀኙ ሞልቶ አናጢ አስመጥተው ሌላ ሳንቃ አስመትተዋል።

«ቤተሰቦቻቸውስ?» ብዬ ጠየቅኩት። ማስታወቂያው ከበላይ ሲመጣ ይነገራቸዋል፣ ወራት ይወስዳል፣ ጠላት ማወቅ የለበትም፣ ከዚያ በፊት አንዲት ቃል የተነፈሰ ፍርድ ቤት ይቆማል አለኝ። የምልከውን ደብዳቤ ሁሉ ሰው ያነበዋል።

ፍርድ ቤቱን አልፈራውም ብል ውሸት ነው። የበለጠ የምፈራው ግን ሌላ ነው። በክረምቱ ሦስት ሳምንት ዝም ስንል ማህደራችን ያን ጊዜም ወደ ቀኝ ሄዶ ነበር። እዚህ የነበረ አንድ ጸሐፊ አዝኖ ለአንደኛው ቶርፔዶ ተኳሻችን ሚስት ጻፈላት። ስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እኛ በሕይወት ወደብ ገባን፤ ሰውየው ቤቱ ሲደርስ ጥቁር የለበሰች ሚስት አገኘ፣ ልጅ ግን የለም። ድንጋጤው ነው ያስወረዳት። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

አሁንም ምሰሶዋ ተሰብሮ ቢሆንስ? እላለሁ። ቀጥዬ ደግሞ ቀኙን መደርደሪያ አያለሁ።

ሞሜ «ክፉ ቀን ካልመጣ እንዳትነኪው» ብሎሻል። መጥቷል፣ ቪብኬ። መጥቶ ሦስት ሳምንቱ ነው። ይህን የሚነግርሽ ሰው የለም፤ ከዛሬ ጀምሮ የቀሩሽ ሃያ ሁለት ቀናት ናቸው። እሱ ደግሞ እንደገና አይፈርምም።


ከፈረንሳይ ጠረፍ
ጁን 17 ቀን 1943

ለቪብኬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። አየሩም ጥሩ ነው።

ስለ ወረቀቱ አሰብኩበት። ባትጠብቂ ይሻላል። በዚህ ሳምንት ወይም በሚቀጥለው ማዘጋጃ ቤት ሂጂና ጨርሺው። የቢሮ ወረቀት እንደ ዓሣ ነው፣ ቀኑ ሲያልፍ ይበላሻል፤ ሁለተኛ ማስፈረም ደግሞ መከራ ነው። እንደገና ማኅተም፣ እንደገና ምስክር። አዛዡም ሥራ ይበዛበታል። ሞሜ ቢቀና ይቅና፤ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ሲመጣ ታደርጉታላችሁ። ሁለት ጊዜ ማግባት አይከለከልም።

ለእናትሽ ቆቡ ምንም አያደርግም በያት።

እባክሽ ሂጂ።

ኦኖ


ማስሆልም
ጁን 24 ቀን 1943

ለኦኖ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ለእናቴም አነበብኩላት። እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

የመጀመሪያው ደብዳቤህ ረጅም ነበር፣ ሁለተኛው ከሱም ይረዝማል፤ ይህኛው ግን ሌላ ሰው ያስጻፈህ ይመስላል። «አየሩም ጥሩ ነው» ትላለህ። አንተ ስለ አየር የምትጽፍ ሰው ነህ? የሆነ ነገር ደብቀኸኛል። በቀጥታ ልጠይቅህ፤ ሞሜ እዚያ ሌላ ሴት አለችው? ማሰሪያው ቶሎ ይጥበቅ ብለህ አዝነህልኝ ከሆነ አመሰግናለሁ፤ ግን ወንድን በወረቀት ጎትቼ አላስቀርም። ከፈለገ ይመጣል። ካልፈለገም እኔና እናቴ ልጁን እናሳድገዋለን፤ የአባት ስም በሌለበት ቦታ ሰረዝ ይጻፍበታል፤ በሰረዝ የሞተ ሰው የለም። እንዲህ ስል ደፋር እመስላለሁ፣ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ሰረዝ ሳስበው አለቅሳለሁ። እዚህ መንደር ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ሰረዙን ሁሉም ሰው በቃሉ ይዞታል።

ሌላም ነገር አስቤ ነበር፤ የሚሰቀጥጥ ነገር። ግን እናንተ ራሳችሁ ሦስት ሳምንት ዝም ብላችሁ መጥታችኋል ብለህ የጻፍክልኝ አንተ ነህ። መመለሻቸው ቀንም ገና አልደረሰም። ስለዚህ ያን ሐሳብ አባርሬዋለሁ።

ሞሜ «ክፉ ቀን ካልመጣ እንዳትነኪው» ብሎኛል። ክፉ ቀን መጥቷል? አልመጣም ካልክ አልሄድም። መጥቷል ካልክ ደግሞ ምን እንደሆነ ንገረኝ።

ቪብኬ


ከፈረንሳይ ጠረፍ
ጁን 30 ቀን 1943
ወደ ኪል በሚሄድ ሰው እጅ

ለቪብኬ፣

ይህን የሚያመጣልሽ ሰው ለዕረፍት ወደ ቤቱ እየሄደ ነው፤ በፖስታ ከላክሁት ቀኑ ያልፍብሻል።

ሞሜ ሌላ ሴት የለውም። በዚህ ልማልልሽ እችላለሁ፤ አንድ አልጋ የሚጋራ ሰው ሁሉን ያውቃል። ልቀሰቅሰው ስሄድ በእንቅልፉ ልቡ የሚናገረው ስለ ቫልቭና ስለ ቪብኬ ነው።

ደብዳቤዬ አጭር የሆነው በፖስታ የማይጻፍ ነገር ስለነበረ ነው። መሃል ባሕር ላይ ለሌሎቹ ነዳጅና ዳቦ የምታድል ትልቅ ሰርጓጅ መርከብ አለች፤ «የወተት ላም» እንላታለን። ሰሞኑን ተመልሳ ገብታለች። ጁን 12 ከዳክዬዋ ጋር ተገናኝተው ነበር። ሞሜ ለአንዱ የሞተር ሠራተኛ በቃል መልእክት ሰጥቶታል፣ ያ ሰውም እኔን ፈልጎ ነገረኝ፤

«ለኦኖ በልልኝ፤ ጉዟችን ረዝሟል፣ እስከ ኦገስት አንመጣም። ለቪብኬ ይጻፍላት፤ ጁላይ 9 ሳያልፍ ቆቡን ታግባው። ያልኳትን ትተወው። እናትየዋን መጥቼ እኔው እታረቃለሁ።»

ያለው ይህንን ነው። በደብዳቤ ያልጻፈልሽ ጊዜ ስላልነበረው ነው፤ የነዳጅ ቱቦ ተዘርግቶ ሳለ ማንም ተቀምጦ አይጽፍም።

ክፉ ቀን መጥቷል ወይ አልሽኝ። የመጣው የጉዞው መርዘም ነው። ሂጂ። ነገ የሚባል ነገር የለም።

ኦኖ


ማስሆልም
ጁላይ 7 ቀን 1943

ለወንድሜ ኦኖ፣

ትናንት ተዳርኩ!

ሰውየው ደብዳቤህን እሑድ ዕለት በብስክሌት አመጣልኝ። አንብቤ ስጨርስ ዓሣ በርሜል ላይ ተቀመጥኩ። ጁን 12! ጁን 12 ቀን ቆሞ፣ እየተናገረ፣ እናቴን እታረቃለሁ እያለ! ያን የሚሰቀጥጥ ሐሳብ አባርሬዋለሁ ብዬህ አልነበር? አላባረርኩትም ነበር፤ በየቀኑ አብሮኝ ዓሣ ይሰካ ነበር። አሁን ሄደልኝ። ከጁን መጀመሪያ ወዲህ ጥሩ እንቅልፍ የተኛሁት ሰሞኑን ነው።

ሥርዓቱን ልንገርህ። ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የብረት ቆብ ጠፋ። መዝጋቢው ሽማግሌ ቁም ሳጥኑን ሁሉ ከፍቶ ሲያጣ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ተውሶ መጣ። እናቴ ስታየው «ይሄማ የወታደርም አይደለ!» ብላ ልትወጣ ነበር። መዝጋቢው «ወይዘሮ ሉርስ፣ ጭንቅላቱ ከውስጥ ስለሌለ ልዩነት የለውም» አላት። ተናደደች፤ ቀጥላ ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች። ከደረቷ ላይ አበባዋን ነቅላ ቆቡ አጠገብ አስቀመጠችና «እንግዲህ አማቼ፣ ፈጥነህ ብትመጣ ይሻልሃል» አለችው። እኔም ጮክ ብዬ «እስማማለሁ» አልኩ።

የሚያስቀኝ ምን መሰለህ? መልእክቱ እንደ ሞሜ አይደለም። እሱ «ታግባው» አይልም፣ ይለምናል እንጂ። ግን ነዳጅ እየቀዳ ስለሆነ ይሆናል አልኩ።

ያጨስኩትን ዓሣ ልኬልሃለሁ፤ ግማሹ ለሞሜ ነው። በልተህበት «ጥንቸል ሆነብኝ» እንዳትል። ሹራብ ጀምሬለታለሁ፤ ስፋቱን አንተ ታውቃለህ፣ ከአንተ ይሰፋል ወይስ ይጠባል?

ቪብኬ ኢቨርሰን


ማስሆልም
ኖቬምበር 28 ቀን 1943

ለኦኖ፣

አዲሱን የፖስታ ቁጥርህን ከላክህልኝ ቁራጭ ወረቀት ነው ያገኘሁት። ከኦገስት ወዲህ በሌላ መርከብ ላይ መሆንህን አውቄያለሁ። ሹራቡን በተመለከተ «ከእኔ ይሰፋል» ብለህ መልሰህልኝ ነበር፤ አሰፋሁት፤ ተጠናቅቆ ተቀምጧል።

ኖቬምበር 11 ሴት ልጅ ወለድኩ። ጌሼ ኢቨርሰን ተብላ ተመዝግባለች። ሰረዝ የለባትም።

ማስታወቂያው የመጣው ባለፈው ሰኞ ነው። «ከሜይ 27 ጀምሮ ድምፅዋ ጠፍቷል፣ ሠራተኞቿ በሙሉ እንደሞቱ ይቆጠራሉ» ይላል። ሜይ 27። እኔ ሒሳብ ብዙ አልችልም፤ ግን ጁን 12 ከሜይ 27 በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ። የወተት ላሟን በተመለከተ አንተን አልጠይቅህም። መልስ እንዳትጽፍልኝ።

ሦስት ቀን ላመሰግንህ ብዕር አነሳለሁ፣ ልሰድብህ ብዕር አነሳለሁ። ባትዋሸኝ ኖሮ አልሄድም ነበር፤ ልጄ ስም አይኖራትም ነበር። በዚያው ውሸት ደግሞ ከጁላይ ወዲህ እየዘፈንኩ ለሞተ ሰው ሹራብ ሠራሁ። መንደሩ ሁሉ «ባልሽ እንዴት ነው?» ሲለኝ «ነዳጅ እየቀዳ ነው» እያልኩ አሳቅኳቸው። ሁለቱንም ያደረግህብኝ አንተ ነህ። አንዱን ከአንዱ ለይቼ ልይዘው አልቻልኩም። ሌላ ምን ልታደርግ ትችል ነበር ብዬ ሳስብም መልስ አላገኝም፤ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። የምቆጣው ሰው እንኳ አጣሁ።

የጻፍኩልህ ግን ስለዚህ አይደለም። ትናንት መዝጋቢው ሽማግሌ ቤታችን ድረስ መጣ። የጋብቻ ወረቀቴን ጠየቀኝና ብዕሩን አውጥቶ ጁላይ 6ን ሰረዘው።

«ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ወረቀቱን ልነጥቀው ተነሳሁ። ጋብቻውን የሚያፈርስብኝ መስሎኝ ነበር።

«ቆይ ልጄ፣ አይፈርስም» አለኝ። «ደንብ ነው። አንቺ ስትምዪ እሱ በሕይወት አልነበረም። ከሞተ ሰው ጋር ደግሞ በዚያ ቀን መጋባት አይቻልም። ስለዚህ ሕጉ ቀኑን ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ እሱ ራሱ ወደማለበት ቀን።» ከዚያ በጥሩ ጽሑፍ ሜይ 9 ብሎ ጻፈበትና ማኅተም አደረገበት።

እሱ ሲሄድ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ከሜይ 9 እስከ ሜይ 27 አሥራ ስምንት ቀን ነው። ለካ አሥራ ስምንት ቀን በሕይወት ያለ ባል ነበረኝ፣ ኦኖ። እሱም እኔም አላወቅንም።

ምን እየሠራሁ እንደነበር አንድ በአንድ ላስታውስ ሞከርኩ። ብዙው ጠፍቶብኛል። አንድ እሑድ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጬ ነበር። ወረቀቱ የደረሰኝ ቀን የአንተን ፊርማ አይቼ ተናደድኩ፣ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። የመጨረሻዋን ቀን ግን አስታውሳለሁ፤ ሐሙስ ነበር። ከእናቴ ጋር ስለ መጋረጃ ተጣላን። ሥራ ላይ አንዷ «ያ ሰውሽ ጻፈልሽ?» ስትለኝ «ለእኔ ሲሆን ጊዜ የለውም» አልኳት። ያን ቀን ስለ ባሌ የተናገርኩት ይህንን ብቻ ነው።

ቪብኬ